መኪናዋን ያለበስሁ ዕለት

ይህን ታሪክ ንገሪን ብለው ያስቸገሩኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው ሚያዝያ ከባሕር ዳር ወደ ዳባት በመኪናቸው ይዘውኝ ሲመጡ፣ አዲስ ዘመን አካባቢ ሙቀቱ በረታና መስኮቱን ዘግተው ማቀዝቀዣውን ከፈቱት። ማቀዝቀዣ የተባለው ግን እንደ ምድጃ አፍ ወላፈን ይተፋል። አንዱ ጋዙ አልቋል ይላል፤ አንዷ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይገዛለት ትላለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ "አፍንጫዋን አይታችሁላታል?" አልኋቸው። ሳቁብኝ። ጎንደር ስንደርስ መካኒኩ ፊቷን ፈትቶ አንድ እፍኝ ላባና የተቀዳደደ ፌስታል አወጣላት፤ ነፋሷም ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲያ፣ "እምዬ፣ ቀለም ሳትቆጥሪ ይህን ከየት አመጣሽው?" እያሉ መቀመጫ ነሱኝ። እንግዲህ እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሐና ትጽፋለች።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሌ ሞቶ፣ ልጄን ዳባት እናቴ ዘንድ ትቼ የበግ ጠጉር እነግድ ነበር። ከሳንቃ በር ወዲያ ካሉት መንደሮች ጠጉር እገዛለሁ፤ ደባርቅ አምጥቼ ባና ለሚሠሩት፣ የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሸምኑት፣ እሸጣለሁ፤ ከዚያ ሊማሊሞን በእግሬ ወርጄ ዛሪማ እህቴ ዘንድ እሰነብታለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። እናቴ፣ "አንቺን የወለድሁሽ መንገድ ላይ ነው እንዴ?" ትለኝ ነበር።

እህቴ አበቡም ባሏ ሞቶባታል። አራት ልጆችና ሁለት በሬዎች ነበሯት፤ ዳልቻና ቦራ። ልጆቹ የሚበሉት በሁለቱ በሬዎች ትከሻ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ የደስታ በሽታ የሚሉት የከብት ፍጅት ከቆላው ተነሥቶ ወደ ዛሪማ እየቀረበ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉት መንደሮች አንድ በሬ አልተረፋቸውም፤ በሰው ትከሻ ሊያርሱ ሞክረው ትተውታል ይባላል። አበቡ በመጣ መንገደኛ ሁሉ፣ "ይታይሽን ካገኛችኋት ጸሎት አስደርጊልኝ በሏት" እያለች ትልክብኝ ነበር።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ደባርቅ ጠጉሬን ከማስቀምጥበት ግቢ ቆመች። በእርዳታ ከውጭ የመጣች ናት። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ጓድ ውብሸት የሚባል የከብት ሐኪም ነው፤ ገና ወጣት፣ ሲናገር እንኳ የሚጽፍ የሚመስል ሰው። ሁለተኛው ሾፌሩ ጋሼ ተክሌ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ በዘይት የጠቆሩ። አሰብ ወደብ ላይ የመርከብ ማቀዝቀዣ ሲጠግን ኖሮ ነው ኋላ ሾፌር የሆነው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል።

"እዚህ አገር ሰው እንዴት ይኖራል?" አለኝ።

"ተጠጋግቶ ነዋ፣ ጌታዬ" አልሁት።

ሳቀ። "ጌታዬ አትበይኝ፤ ጋሼ ተክሌ በዪኝ፣ አንተም በዪኝ። እኔስ እሺ፣ እኔ ጋቢ አለኝ። የምታሳዝነኝ እሷ ናት" ብሎ መኪናዋን መታ መታ አደረጋት። "ሌሊት ብርድ ከያዛት ጠዋት አትነሣልኝም።"

ዛሪማ ከብት ሊከትቡ እንደሚወርዱ ስሰማ ጓድ ውብሸት እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። "ከብቶቹ የሚሰበሰቡበትን ሜዳ አውቃለሁ፤ ሰዎቹም ያውቁኛል፤ ይዛችሁኝ ውረዱ" አልሁት።

"የይለፍ ወረቀት አለሽ?"

"አለኝ።"

"እንግዲያው ንጋት ላይ ተገኚ፤ ከቀትር በፊት መድረስ አለብን።" ከዚያም ያስቸኮለውን ነገረኝ። መድኃኒቱ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀት ከነካው ይሞታል። ከጎንደር በሣጥን የያዙት በረዶ፣ ኬላ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ስላስቆሟቸው ቀልጦ አልቋል። "ደባርቅ እስካለን ችግር የለም፤ አገራችሁ ራሱ በረዶ ነው። ከሊማሊሞ በታች ግን ያለን የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። ይህ ከተበላሸ ሌላው እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ የሚተርፍ ከብት አይኖርም።"

እነሱ እራት ሊበሉ ሲሄዱ እኔ መኪናዋ ዘንድ ቀረሁ። ውርጩ ከወዲሁ መስተዋቷ ላይ መንጣት ጀምሯል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ደባርቅ ሲያድሩ የመኪናቸውን አፍንጫ በጆንያ ሲጠቀልሉ አይቻለሁ። ጆንያ ባስርላት ደግሞ ሌባ ሳይነጋ ይወስደዋል። አሰብሁና ከጥቁሩ በግ ጠጉር አንድ እቅፍ አመጣሁ። በፊቷ ብረት ሽንቁሮች እያስገባሁ፣ በእንዝርቴ እንጨት እየገፋሁ፣ ከውስጥ በኩል ደልደል አድርጌ ሞላሁላት። ብረቱም ጥቁር፣ ጠጉሩም ጥቁር፤ ጠጋ ብሎ ላላየው የለም። እኔ ራሴ ያልለበስሁትን አዲስ ባና ለእንግዳ ያለበስሁ ያህል ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ጠዋት መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ጋሼ ተክሌ፣ "የኔ ጀግና፣ ብርዱን ቻልሽው" ሲላት እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ጆንያውን ሾፌሮቹ ሲነጋ እንደሚያነሡት አውቃለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ በደህና መኪና ወንበር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንበሩ ይሰምጣል፤ መስተዋቱ በእጅ እየዞረ ይወርዳል። ጠጉሩን ጭራሽ ረሳሁት።

ሊማሊሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠመዝማዛው ላይ ጋሼ ተክሌ አያወራም። አፋፉ ላይ ጋቢ ለብሰን ጀመርን፣ መሐሉ ላይ አወለቅነው፤ ድብ ባሕር የምትባለውን መንደር ስናልፍ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ጀመር። ያን ጊዜ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። የመድኃኒቱ ሣጥን በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋሱ ከሚወጣበት ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጋሼ ተክሌ ማቀዝቀዣውን ከፈተው።

ሙቅ አየር መጣ። ትንሽ ጠበቅን። ያው ሙቅ ነው።

ጓድ ውብሸት ከሣጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትሩን አውጥቶ አየ። "ጋሽ ተክሌ፣ አራት መስመር ነው የቀረው። ከዚያ ካለፈ ውሃ ነው የያዝነው።"

ጋሼ ተክሌ መኪናዋን ወደ ዳር አወጣት። ከአንዲት ትንሽ ወንዝ በላይ ሾላ ጥላ ሥር አቆማትና ኮፈኑን ከፈተ።

"ተቃጥሏል?" አለ ጓድ ውብሸት።

"ገና አልጠየቅኋትም።"

"ጎንደር ደህና ነበረች። ትናንት ደህና ነበረች። አንድ ሰው ሌሊት ነክቷት ከሆነ ይህ አሻጥር ነው። ስሙን ጽፌ ነው ለአስተዳደሩ የማቀርበው።"

ለዛሬ ልጆች አሻጥር ተራ ቃል ነው። ያኔ ግን ስሙ ከዚያ ቃል ጋራ የተጻፈ ሰው ከቤቱ ሲወሰድ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። የደባርቅ ጎረቤቴ ጨው ደበቀ ተብሎ ተወስዶ ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ሁለት ክረምት አልፎባታል። እኔ ግን ያን ጊዜ ራሴን አልጠረጠርሁም። ማን ይሆን ክፉው እያልሁ የግቢውን ሰው በልቤ እቆጥር ነበር።

ጋሼ ተክሌ እጅጌውን ሰበሰበ። "ጓድ ውብሸት፣ ሰውየውን ኋላ እንፈልገዋለን። መጀመሪያ በሽታውን። ግባና ሞተሩን አስነሣ፤ ስልህ ማቀዝቀዣውን ክፈት።"

ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ። ከውስጥ "ቀጭ" አለና የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ልክ ሰው ሸክም ሲያነሣ እንደሚያቃስተው።

"ሰማሽ ይታይሽ? ሸክሙን ተቀበለች። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰሯ ይሠራል ማለት ነው። አጥፋው ጓድ።" ሞተሩ ሲቆም ሞተሩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው። "አልላላም።"

"ጋዙ ወጥቶ ይሆናላ" አለ ጓድ ውብሸት።

"እሱን ሳሙና ይነግረናል። ሳሙና ማን ያዘ?"

ሳሙና በዚያ ዘመን በቀበሌ ነው፤ ያውም ከተገኘ። ማንም አልያዘም። እኔ ለአበቡ ስጦታ የደረቀ እንዶድ በጨርቅ ቋጥሬ ነበርና አወጣሁት።

"ይህ አረፋ ይሠራል?"

"ከዳባት እስከ አምባ ጊዮርጊስ ያለውን ነጠላ ያነጣው ምን መሰለህ?"

በድንጋይ ወቅጬ በጣሳ ውሃ መታሁለት። አረፋው ሲነሣ አይቶ ፊቱ በራ። መንገድ ዳር ያገኘውን የዶሮ ላባ ጫፉን እየነከረ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ሁሉ ቀባ። "ጋዝ የሚወጣ ከሆነ አረፋው እዚያ ላይ እያበጠ ይሄዳል" አለ። ሦስታችንም ታቦት ፊት እንደቆመ ሰው አጎንብሰን አየነው። አንድም አላበጠም። አረፋው በያለበት ዝም ብሎ ደረቀ።

"ጋዟም ከነነፍሱ አለ" አለ። "አሰብ ይህን እንዶድ ባገኘሁት ኖሮ።" ሰው ሁሉ ተጨንቆ እያለ እሱ እንዶድ ያደንቃል። ጓድ ውብሸት ሰዓቱን አየ፣ ቴርሞሜትሩን አየ። "ሦስት መስመር" አለ።

ጋሼ ተክሌ ሞተሩን መልሶ አስነሣና ወደ እኔ ዞረ። "ይታይሽ፣ እጅሽን ስጪኝ። ይህን ቀጭኑን ቱቦ ንኪው፤ ቶሎ ልቀቂ።"

ነካሁት፤ አቃጠለኝ።

"አሁን ወፍራሙን።"

"ይህ ለብ ያለ ነው።"

"ለብ ማለት አልነበረበትም። እንደ ውሃ እንስራ ማላብ ነበረበት።" ከዚያ የነገረኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል እይዘዋለሁ። "ይቺ ብርድ የምትሠራ ይመስልሻል። አትሠራም። ከውስጥ ሙቀቱን ተሸክማ ትወጣለች፤ በቀጭኑ ቱቦ ይዛው ወደ አፍንጫዋ ትሄዳለች፤ እዚያ ነፋስ ይቀበላታል፤ ቀልሏት ትመለሳለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። አሁን ተሸክማ ትሄዳለች፣ ማራገፊያ አጥታ ከነሸክሟ ትመለሳለች። የሞተሩ የሙቀት መርፌም ከፍ ብሏል። ሁለቱም የሚተነፍሱት በአንድ አፍንጫ ነው።"

አፍንጫዋ ሲል ልቤ ድንግጥ አለ።

በጀሪካን የቀረችንን ውሃ በፊቷ ብረት በኩል አፈሰሰባት። ጓድ ውብሸት ከውስጥ እጁን ነፋሱ ላይ አድርጎ፣ "ቀዘቀዘ፣ ቀዘቀዘ ጋሽ ተክሌ" አለ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ፣ "ተመለሰ፣ ሞቀ" አለ።

"ሞተሩን አጥፋ። ተገኘች" አለ ጋሼ ተክሌ። ጎንበስ ብሎ በብረቱ ሽንቁር ተመለከተ፤ ሁለት ጣቱን አስገባ፤ አንዳች ነገር ቆንጥሮ አወጣና ወዲያው በመዳፉ ጨበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴን አልነበረም ያየው፤ ነጠላዬን ነው። እኔም ወደ ነጠላዬ አየሁ። ጥቁር የበግ ጠጉር እዚህም እዚያም ተለጥፎበታል።

የአበቡ ልጆች፣ ዳልቻና ቦራ፣ ስንቅ የምታመላልሰው የጎረቤቴ ሚስት፣ ዳባት የተውኋት ልጄ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጡብኝ። "ጋሼ ተክሌ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አልሁ።

"ውሃው ይቀድማል" አለኝ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ነው። "ሁለቱን ጀሪካን ያዢና ወንዙ ውረጂ። ከላይ በኩል ካለው ጠሩ ቅጂ። አትቸኩዪ።"

ወረድሁ። ጀሪካኑ እስኪሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ዝም ብል ማንም አላየኝም። ዝም ካልሁ ግን የግቢው ሰው ሁሉ ሊጠየቅ ነው። ውሃውን አስቀምጬ፣ ጓድ ውብሸት ፊት ቆሜ፣ እኔ ነኝ ልል ቆረጥሁ። አቀበቱን ስወጣ ቃሉን በአፌ እየደጋገምሁ ነበር።

ስደርስ የመኪናዋ ፊት ተፈትቶ ሣር ላይ ተጋድሟል፤ ብሎኖቹ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በተራ ተቀምጠዋል። ጋሼ ተክሌ ወንፊት የመሰለውን ብረት በዶሮው ላባ እየጠረገ ነው። ጓድ ውብሸት ወንበሩ ላይ ሆኖ ወረቀት ላይ አቀርቅሯል።

"አይጥ ናት" አለ ጋሼ ተክሌ ሳያየኝ። "ደባርቅ በርዷት ገብታ ጎጆ ሠርታበታለች። በይ ውሃውን አፍስሺልኝ፤ ቀስ እያልሽ።"

ጓድ ውብሸትን አየሁት። ቀና አላለም። የመሰለኝ በአይጧ ተናዶ ነው። ለመናገር የያዝሁት ቃል ሳልናገረው ቀረ፤ አልዋሻችሁም፣ ቀረልኝም ብዬ ደስ አለኝ። ውሃውን አፈሰስሁ። ፊቷን መልሶ ገጠመ፣ አስነሣት፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተው።

ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ የቧሂት ተራራ የጠዋት ብርድ ወጣ። እላችኋለሁ፣ በዚያ ቆላ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ጉልበቴ በረደኝ። ጓድ ውብሸት ሣጥኑን አቅፎ ቴርሞሜትሩን ያያል። "ቆመ" አለ መጀመሪያ። ቆይቶ፣ "መለስ አለ" አለ። ጋሼ ተክሌ ከፊት መንገዱን ብቻ እያየ እግሩን በቀስታ ይረግጣል፤ ፊቱ ላይ ኩራት እንኳ የለም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ጋን የምትሠራ፣ ባና የሚሸምን፣ አጥንት የሚጠግን። በሽታን እንዲህ በትዕግሥት፣ አንድ በአንድ እያባረረ፣ ማንንም ሳያዋርድ ከመሸሸጊያው ያወጣ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁ።

ዛሪማ ስንደርስ ሜዳው በከብት ሞልቷል። መድኃኒቱ ደህና ነበር። አበቡ ዳልቻን በአንገቱ አቅፋ፣ መርፌው ሲገባ ዓይኗን ጨፍና፣ "ለበሬ ብሎ ይህን ያህል የሚደክም ሰው አለ?" ትላለች። ማምሻውን ጓድ ውብሸት ወረቀቱን አመጣ። "ምን ሰዓት እንደደረስን፣ ለምን እንደዘገየን፣ መድኃኒቱ ደህና እንደነበር ነው። አንቺ ምስክር ነሽ፤ እዚህ ላይ" አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ተጫንሁ።

በማግስቱ ስንመለስ፣ ጓድ ውብሸት አንቀላፍቶ ሳለ፣ "ጋሼ ተክሌ፣ ያቺ አይጥ" ብዬ ጀመርሁ።

"ክፉ አይጥ አልነበረችም" አለኝ። "መኪናዬ በረዳት ብላ ያሰበች የመጀመሪያዋ አይጥ ናት። ብቻ ሌላ ጊዜ የሰው መኪና ስታለብሺ፣ በምን እንደምትተነፍስ መጀመሪያ ጠይቂ።" ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራ። ደባርቅ አውርዶኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ቆይቶም ጎንደር ውስጥ በሰላም ማረፉን ሰማሁ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን እኔን ሌላ ሰው አድርጎኛል ብል አላጋነንሁም። ደግ ሳደርግ እንኳ መጠየቅ ጀመርሁ። ቤቴ ውስጥ አንዷ ስትቆጣብኝ፣ ምራቴም ብትሆን ልጄም ብትሆን፣ ጥፋተኛውን ከመፈለጌ በፊት ይህች ሰው ሸክሟን የምታራግፍበት ምን ዘጋባት እላለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ቢሆንም ቱቦውን በእጄ ስላስነካኝ አልረሳውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ብዙ ዓመት ኖርሁ። ደርግ ወደቀ፤ እኔም አረጀሁ። አንድ ቀን ዳባት ገበያ በግ ሊገዛ የመጣ ጠና ያለ ሰው ትኩር ብሎ አየኝና፣ "ይታይሽ ባለ እንዶዷ አይደለሽም?" አለኝ። ጓድ ውብሸት ነው። ተሳስመን አንድ ጥግ ተቀመጥን። ስለ ጋሼ ተክሌ አነሣሁና፣ "ያችን የአይጥ ጎጆ ያገኘበት ብልሃቱ" አልሁ።

"አይጥ እኮ አልነበረም" አለ። "አንቺ ወንዝ ስትወርጂ ጠጉሩን አውጥቶ አሳየኝ። ያንቺ እንደሆነ እኔም አወቅሁ። ብዕሬን ይዤ ነበር። 'ይታይሽን ከጻፍሃት ትታሰራለች፤ እኔን ከጻፍኸኝ መኪና እቀየራለሁ። ሾፌሩ ለብርድ ብሎ ጠጉር ጠቀጠቀና ማውጣቱን ረሳ ብለህ ጻፍ' አለኝ። ጻፍሁ። ከዚያች መኪና አወረዱት፤ ጡረታ እስኪወጣ መተማ መንገድ ላይ ማቀዝቀዣ የሌለው አሮጌ የጭነት መኪና ነዳ።"

ያንን ወረቀት ያጸደቀው የምስክር አሻራ የኔ ነው።